በግሽ ዓባይ ምንጭ አጠገብ የሰባት ቀን ሱባኤ

ሰው ንግግር ባበዛ መጠን ራሱን መስማት እየተሳነው ይሄዳል። ይህንን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ሃያ ዓመት ያህል ከዳኛ ወንበር በታች ተቀምጬ ከሳሽ ሲናገር ጻፍሁ፤ ተከሳሽ ሲመልስ ጻፍሁ፤ ምስክር ሲምል ጻፍሁ። ከጻፍሁትም ሁሉ የሚበዛው የመሬትና የውርስ ክርክር ነው። የአንዲት እናት ጡት የጠቡ ወንድማማች በችሎት ቆመው እንደ ባዕድ አንዱ ሁለተኛውን “ተከሳሽ” እያለ ሲጠራው፣ ብዕሬ ይህንኑ ቃል ያለ ማመንታት ይከትበው ነበር።

ይህ ገጽ ቤተ ሰብ የሚያነበው ስለ ሆነ፣ የራሴን ገመና ብገልጥ ክቡራን አንባብያን ይቅር እንደሚሉኝ አምናለሁ። እኔም ራሴ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር ቆይተን ነበር። የጠባችን ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። አባታችን በቡሬ አካባቢ ባለው ቀዬአችን ተክሎ ያቆየልንን ባሕር ዛፍ ወንድሜ እኔን ሳያማክር አስቆርጦ ሸጠው፤ ከገንዘቡም አንዲት ሳንቲም አላሳየኝም። የክስ አጻጻፍ ሙያዬ ነውና፣ የማንም ርዳታ ሳያስፈልገኝ አምስት ገጽ ክስ አዘጋጀሁ። የተቆረጠበት ቀን፣ የዛፉ ቍጥር፣ የገዢው ስም፣ የምስክሮች ዝርዝር፣ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረበትም። ላስገባው ስነሣ ግን ባለቤቴ፣ “ክሱ የትም አይሄድብህም። መጀመሪያ ግሽ ዓባይ ወጥተህ ሰባት ቀን ሱባኤ ግባ። ስትመለስ ልብህ የፈቀደውን አድርግ፤ እኔም አልከለክልህም” አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እሺ ያልኋት ምክሯን አክብሬ ሳይሆን ከጭቅጭቁ ለመዳን ብዬ ነው። ክሱንም አጥፌ በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከትቼ ይዤው ሄድሁ።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና ጐዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ዞን ከተማ ናት። ስሟ በግእዝ “የሰላም መንገድ” ማለት መሆኑን በሕፃንነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ በዚያን ዕለት ጧት ግን በልቤ ሰላም ሳይኖር በሰላም መንገድ እሄድ ነበር። ጊዜው ወርኃ ጥር ስለ ነበረ በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ በየማሳው ቆሞአል፤ በየደጃፉም ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ይታያል። የቡሬ በርበሬ በአገሩ ሁሉ የታወቀ እንደ መሆኑ፣ አውቶቡሱ በከተማው መካከል ሲያልፍ ሽታው ብቻ ያስነጥስ ነበር። ከቡሬ ጥቂት እንደ ራቅን ወደ ወንድሜ ቀዬ የሚያስገባውን የጥርጊያ መንገድ በመስኮት አየሁት። ወዲያውም ፊቴን ወደ ሌላ አዞርሁ።

ከቡሬ ቀጥሎ ጥሊሊ ይደረሳል። ከጥሊሊ ዋናው ጐዳና ወደ ኮሶበር ሲቀጥል፣ የግሽ ዓባይ መንገደኛ ግን ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ሰከላ ደጋ ይወጣል። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ በቆሎና በርበሬ ይቀርና ገብስና ድንች ይተካቸዋል፤ አየሩም እየቀዘቀዘ ሄዶ፣ በቡሬ ኮቱን ያወለቀ ሰው በሰከላ ጋቢ ይፈልጋል።

ግሽ ዓባይ የሰከላ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ምንጩ የሚገኘው ከግሽ ተራራ ግርጌ ነው። ታላቁን ወንዝ በሐሳቡ ሥሎ የመጣ እንግዳ ምንጩን ባየ ጊዜ “ይኸው ብቻ ነውን?” ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ብዬአለሁ። የሚያስደነግጥ ድምፅ የለውም፤ አረፋም የለውም። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ፣ ሌሎች ምንጮችንና ወንዞችን እየጨመረ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞችም ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው። ከጣናም በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ፣ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ይወጣሉ ከተባሉት አራት አፍላጋት ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያን ምድር የሚከበው ግዮን፣ ይህ ዓባይ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ያስተምራሉ።

ይህንን ምንጭ ለማየት ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች አሉ። እስፓኛዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1618 ዓመት ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ አየው። ከ152 ዓመት በኋላም፣ በ1770፣ የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ ደርሶ፣ ከውኃው ቀድቶ በንጉሡ በሣልሳዊ ጊዮርጊስ ስም መጠጣቱን ራሱ ጽፎአል። የአገሩ ሰው ግን ወደ ምንጩ የሚመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ውኃው ጠበል ነውና የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ስፍራውም የአቡነ ዘርዓ ብሩክ መታሰቢያ ነው፤ በዓላቸው ጥር 13 ቀን ሲከበር ሕዝቡ ከየአገሩ ይጎርፋል። ጻድቁ ሰባት የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁ ውኃው ሳያርስ እንደ መለሰላቸው ገድላቸው ይተርካል። ይህንን ታሪክ በሕፃንነቴ በሰማሁ ጊዜ ያስደነቀኝ ተአምሩ ነበር። አሁን ግን የሚያስደንቀኝ አደራው ነው፤ ውኃ እንኳ አደራ ጠባቂ ሆኖ ሲገኝ፣ ወንድም ለወንድሙ እንዴት ይጠፋዋል?

እኔ የደረስሁት በዓሉ አልፎ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ነው። ለሱባኤ በገባሁበት ቤት ስምንት ሰዎች ተሰብስበን ነበር፤ አንድ ገበሬ ከነባለቤቱ፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት፣ ሁለት እማሆይ፣ አንድ የቆሎ ተማሪና እኔ። የሚመሩንም አንድ ሽማግሌ የኔታ ነበሩ፤ በጕልማሳነታቸው የቅኔ መምህር የነበሩ፣ ዐይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ብር የጠራ ሰው ናቸው።

ቀኑን እያንዳንዳችን ለብቻችን ዳዊት እንደግም ነበር። የዳዊት መዝሙር 150 መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ አባቶቻችን ይህንን ዐሥር ዐሥር አድርገው በ15 “ንጉሥ” ከፍለውታል። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት ይደገምና በስድስት ቀን መዝሙሩ ይፈጸማል፤ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳሉ። እኔም በሕፃንነቴ የተማርሁት ሳይጠፋኝ ቀርቶ በፍጥነት እደግም ነበር። የኔታ አንድ ቀን በአጠገቤ ሲያልፉ ቆመው ሰሙኝና፣ “ልጄ፣ ባለጉዳይ የሚያሳድድህ ትመስላለህ” ብለውኝ አለፉ። ሥራዬን ገና አልነገርኋቸውም ነበር።

ከሠርክ ጸሎት በኋላ ግን ሁላችን በአንድነት እንቀመጣለን። በበሩ ላይ አንድ ሙዳይ አለ፤ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ዘግቶ በዚያ ያኖራል። ከዚያ የቆሎ ተማሪው ከወንጌል ወይም ከብሉይ አንዲት አጭር ክፍል በግእዝ ያነባል፤ መምህርቷ ያንኑ በአማርኛ ታነባለች፤ በሦስተኛው የኔታ ራሳቸው በቃላቸው ዝግ ብለው ይሉታል። ከዚህ በኋላ አንዲት አጭር ጧፍ ትበራለች። ጧፏ ነዳ እስክታልቅ ድረስ ማንም አይናገርም። ጧፏ ስትጠፋ እያንዳንዱ በተራው ከተነበበው በልቡ የቀረውን አንድ ነገር ይናገራል፤ የሌለውም “አለፍሁ” ይላል። አንዱ የተናገረውን ሌላው አያርምም፤ አይከራከርም፤ አይመክርም። በመጨረሻ የኔታ በጥቂቱ አንድምታውን ያስረዱና በአንድነት አቡነ ዘበሰማያት ደግመን እንለያያለን። የቤቱ ሕግ ሦስት ነው፤ ስለ ራስህ እንጂ ስለ ጎረቤትህ አትናገር፤ ሌላው ሲናገር የራስህን መልስ አታሰናዳ፤ እዚህ የሰማኸው እዚሁ ይቅር።

አንባቢ ሆይ፣ አንዲት ጧፍ ነዳ እስክታልቅ ዝም ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። በመጀመሪያው ሌሊት የተነበበው ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ላይ ሳለ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋሱም፣ በምድር መናወጡም፣ በእሳቱም ሳይሆን ከዚያ በኋላ በመጣው ቀጭን ድምፅ የተገለጠበት ክፍል ነበር። እኔም ዐይኔን ጨፍኜ ተቀመጥሁ። ጧፏ ሲሶ ሳትደርስ ልቤ ክሱን ከአንደኛው ገጽ እስከ አምስተኛው አነበበው፤ ተከሳሹ ምን ብሎ እንደሚመልስ ገመተ፤ የመልስ መልሱንም አዘጋጀ። ተራዬ ሲደርስ “አለፍሁ” አልሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊትም እንዲሁ ሆነ።

በማግሥቱ ይህንን ለየኔታ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እርሳቸውም አልገሠጹኝም። “መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያስተምሩ መምህራን የመንፈሳዊ ሕይወትን ማዕረግ ዐሥር ብለው ይቈጥራሉ” አሉኝ። “የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ዝምታ ማለት ነው። ሁለተኛው ልባዌ ነው፤ ማስተዋል ማለት ነው። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ነው፤ የምትጸልየው ነገር ሲጣፍጥህ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ሦስተኛውን ፈልጎ ይመጣል። አንተ ገና በአንደኛው ደጃፍ ላይ ቆመሃል፤ ደጃፉም ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ተሰልፈውብሃል። አታባርራቸው፤ አትከራከራቸውም። ወደ ተነበበው ቃል ተመለስ፤ ደግመው ቢመጡ ደግመህ ተመለስ።” ቀጥለውም የቅኔ ተማሪን ምሳሌ አመጡልኝ። ጎጃም፣ እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ዲማ ያሉበት የቅኔ አገር እንደ መሆኑ፣ ተማሪ ለቅኔ ቈጠራ ወደ ዱር ወጥቶ ለብቻው ሲያስብ ይውላል፤ ማታ ግን የቈጠረውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል። “ብቻውን ያልቈጠረ በጉባኤ የሚናገረው የለውም፤ በጉባኤ ያልተናገረም የቈጠረው ቀና ይሁን ጠማማ አያውቅም። ጸሎትም እንደዚሁ ነው” አሉኝ።

ይህ ሥርዓት ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ከዚያው ከዓባይ ጋር የተያያዘ ነው። ከግሽ የሚወጣው ውኃ ወደ ግብፅ ሲወርድ፣ የመነኮሳት ትምህርት ደግሞ ከግብፅ ወደ እኛ ወጥቶአል። በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ጳኩሚስ በላይኛው ግብፅ፣ በዓባይ ወንዝ አጠገብ፣ መነኮሳትን በማኅበር ሰብስቦ በአንድነት እንዲጸልዩና ቃለ መጻሕፍትን በልባቸው እንዲያመላልሱ ሥርዓት ሠራላቸው፤ ሥርዓቱም በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ ተተረጐመ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በአንድምታ ትምህርት ቤታችን ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር አራተኛ ጉባኤ ሆኑ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ ከጥቂት ወራት በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ የገባ አባት ነው።

እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። በቄስ ትምህርት ቤት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብንና በቃል መያዝን ለመድሁ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ዝም ብሎ ማንበብንና “ይህ ቃል ለእኔ ምን ይለኛል?” ብሎ መጠየቅን ለመድሁ። ሁለቱ ለረጅም ዘመን በውስጤ እንደ ሁለት ባለ ጋራዎች ተፋጠው ነበር። በኤውሮጳም ቢሆን በ12ኛው መቶ ዓመት ጊጎ የሚባል የፈረንሳይ አገር መነኩሴ ማንበብን፣ ማሰላሰልን፣ መጸለይንና በተመስጦ መመልከትን እንደ መሰላል አራት እርከን አድርጎ ጽፎአል። የእርሱም ትምህርት መሠረት እነዚያው የግብፅ በረሓ አባቶች ናቸው። እንግዲህ በሁለት ቦይ የጠጣሁት ውኃ ምንጩ አንድ መሆኑን የተረዳሁት በግሽ ዓባይ ነው።

መምህርቷ የምታነብበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ከዚሁ አገር ጋር ዝምድና አለው። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የተረጐመው አቡ ሩሚ የሚባለው አባ አብርሃም የጎጃም ተወላጅ ነበረ። ከአገሩ ወጥቶ ብዙ ከዞረ በኋላ በካይሮ ተቀምጦ፣ አስላን በሚባል የፈረንሳይ ቈንስል ደጋፊነት ዐሥር ዓመት ያህል ሲተረጕም ቈይቶ፣ ሥራውን በ1818 ፈጸመ፤ በማግሥቱ ዓመትም በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ፣ አራቱን ወንጌላት በ1824፣ መጽሐፉን በሙሉ በ1840 አሳተመው። ይህ ሰው ለዐሥር ዓመት በየቀኑ የጠጣው ውኃ ከአገሩ ምንጭ የወረደ መሆኑን ሳስብ፣ አገሩን በናፈቀ ጊዜ ወደ ወንዙ ወርዶ ይመለከት ይሆን እላለሁ።

በአምስተኛው ሌሊት የተነበበው ጌታ በተራራው ስብከቱ ስለ መባ የተናገረው ነበር፤ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙን ቢያስታውስ፣ መባውን በዚያው ትቶ በመጀመሪያ ሄዶ እንዲታረቅ የሚያዝዘው። ይህንን ክፍል በሁለቱም ትምህርት ቤቶቼ በቃሌ ይዤው ነበር። ጧፏ በራች፤ ጧፏም አለቀች። ከእማሆዮቹ አንደኛዋ ተራቸው ሲደርስ እንዲህ አሉ፦ “ልጆቼ፣ እኔ ስመነኵስ ከእኅቴ ጋር ሳልታረቅ ወጣሁ። ነገ ነገ ስል ሞተች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መባዬን ይዤ እዚያው ቆሜአለሁ።” ማንም አልመለሰላቸውም፤ የቤቱ ሕግ ነውና። ከዚያ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበረ፤ እኔም አሁንም “አለፍሁ” አልሁ።

የኔታ በመጨረሻ አንድምታውን ሲጀምሩ መምህርቷን ክፍሉን ደግማ እንድታነበው አዘዟት። አንብባ ስትጨርስ፣ “በቃሉ ውስጥ ቅር የተሰኘው ማን ነው? መባውን የያዘው ሰው ነውን? ወይስ ወንድሙ?” ብለው ጠየቁ። ዝም አልን። “ወንድሙ ነው” አሉ። “ጌታ ‘አንተ በወንድምህ ላይ ያለህን ቅሬታ አስታውስ’ አላለም። ያንንማ ሳንታዘዝ ሁልጊዜ እናስታውሰዋለን። አስታውሱ የተባልነው ወንድማችን በእኛ ላይ ያለውን ነው።” ከዚህ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ አቡነ ዘበሰማያት አስጀመሩ።

እኔ ቃል በቃል ማንበብና መጻፍ የምኖርበት ሙያዬ ነው። አንድ ፊደል ቢዛነፍ መዝገቡን እመልሳለሁ። ይህንን ክፍል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ገልብጬ ሳነበው ኖሬአለሁ። በዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ መብራት አበራሁና ክሱን ከማኅደሩ አወጣሁት። በፊት ገጹ ላይ እኔ በወንድሜ ላይ ያለኝ ሁሉ በተራ ቍጥር ተጽፎአል። ገለበጥሁትና በጀርባው ላይ ወንድሜ በእኔ ላይ ሊኖረው የሚችለውን መጻፍ ጀመርሁ። አንደኛ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ እርሱ ሞፈር ጨብጦ ቀረ፤ ደብተርና ልብስ የተገዛልኝ ከእርሱ ላብ ነው። ሁለተኛ፣ አባታችን ሁለት ዓመት በአልጋ ላይ ሲቈይ ያገላበጠው፣ ያጠበውና ያጎረሰው እርሱ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄ በቀብሩ ደረስሁ። ሦስተኛ፣ የባሕር ዛፉ ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ አንድ ቀን እንኳ በቀና አንደበት አልጠየቅሁትም። ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። በስድስተኛው ሌሊት ተራዬ ሲደርስ፣ “የራሴን መዝገብ አገኘሁ” ብዬ ተናገርሁ። ማንም ምን ማለትህ ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ሰባተኛው ቀን ተፈጽሞ ተሰነባብተን ስወጣ፣ አውቶቡሱ ቡሬ ሳይደርስ ባለፈው ፊቴን ያዞርሁበት የጥርጊያ መንገድ ላይ ወረድሁ። ወንድሜ ከበረት አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። “ጋሼ፣ እንደምን ዋልህ?” አልሁት። “እግዚአብሔር ይመስገን” አለና ዝም አለ። ሚስቱ ግን እንደ ልማዷ ወንበር አውጥታ፣ ቡና ልትቈላ ገባች። እኔም ወረቀቱን አውጥቼ ጀርባውን ለትንሹ ልጁ ሰጠሁትና ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው አደረግሁ። ልጁ ሲጨርስ ወንድሜ ለብዙ ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቈየ። በግሽ ዓባይ ዝምታን ባልለምድ ኖሮ ያን ጊዜ ዐሥር ነገር ተናግሬ ነገሩን ሁሉ አበላሽ ነበር። በኋላ ቀና ብሎ፣ “አንድ ቀርቶብሃል። ልጄን ስድር ጠርቼህ አልመጣህም። ልጅቱ እስክትወጣ ድረስ ‘አጎቴስ?’ ስትል ነበር” አለኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ አራተኛ ብዬ ጻፍሁት። እርሱም ሳቀ፤ እኔም አለቀስሁ።

የባሕር ዛፉ ነገር በዚያን ቀን አላለቀም። ከገንዘቡ አብዛኛው ለአባታችን ሕክምና የተበደረውን ዕዳ እንደ ከፈለበት ነገረኝ፤ የተረፈውን ግን ሁለታችን በመረጥናቸው ሽማግሎች ፊት እንድንነጋገርበት ተስማማን። በአንዳንዱ ነገር ዛሬም አሳባችን አይገጥምም። ሆኖም በዓመት በዓል አንዱ በሌላው ቤት እንበላለን፤ ያችም የተዳረች ልጅ ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የደረስሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወደ ግሽ ዓባይ ለመውጣት ለማይችል ሰው ይህንን በቤቱ ለማድረግ የሚያግደው ነገር የለም። በሳምንት አንድ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ቤተ ሰቡ ይሰብሰብ፤ ስልኩና ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዐሥር መስመር የማትሞላ አንዲት ክፍል ሦስት ጊዜ በዝግታ ትነበብ። በአንደኛው ንባብ ነገሩን ስሙ፤ በሁለተኛው በልባችሁ የቀረውን ቃል ያዙ፤ በሦስተኛው በዚያው ቃል ጸልዩ። የዝምታው ጊዜ በመጀመሪያ አጭር ይሁን፤ ሕፃናትን ማስጨነቅ አይገባምና። ልጅ ሲናገር አባት አያቋርጠው፤ ሚስት የተናገረችውን ባል በማግሥቱ ለክርክር አያንሣባት። መናገር ያልፈለገም “አለፍሁ” የማለት መብት ይኑረው፤ እኔ አራት ሌሊት ማለፍ ባይፈቀድልኝ ኖሮ በአምስተኛው አልገኝም ነበርና።

ፍርድ ቤት አያስፈልግም ለማለት ይህንን እንዳልጻፍሁ ግን ይታወቅልኝ። ጉልበተኛ ደካማውን ሲገፋ፣ መበለትና ወላጅ አልባ ልጅ መብታቸውን ሲነጠቁ፣ ሕግ መጠጊያቸው ነው፤ “ዝም በሉ፣ ጸልዩ” ብሎ የተገፉትን ማሰናበት ጸሎትን የግፍ ሽፋን ማድረግ ነው። እኔ የምናገረው ሁለቱም ወገን እህል ውኃ እያላቸው፣ ሁለቱም አንድ አባት እያላቸው፣ የራሳቸውን መዝገብ ሳይገልጡ ወደ ችሎት ለሚሮጡት ነው።

ዛሬም በመሥሪያ ቤቴ ተቀምጬ ክስ እቀበላለሁ። ወንድም ወንድሙን ሊከስ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብዬ እንደ ሥርዓቱ እመዘግባለሁ፤ ይህ ግዴታዬ ነው። ከመመዝገቤ በፊት ግን ወረቀቱን ገልበጥ አድርጌ ጀርባውን አያለሁ። እስካሁን ከአንዱም ጀርባ ላይ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።